ለታመመ ሰው ማን ይክፈል፣ ማንስ ይወስን?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው እትም አንድ አንባቢ ባቀረቡልን ጥያቄ መነሻነት፣ በአሜሪካ ስለ ጤና መድን ማሻሻያ የሚካሄደውን ክርክር በአጭሩ ዳስሰን፣ የወግ አጥባቂዎቹ አቋም በሀገራችን ከነምክንያቱ ሳይሆን በስሙ ብቻ እንደሚታወቅ ጽፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የደረሱን ደብዳቤዎች ጉዳዩን ወደ ራሳችን የጤና መድን ጭምር ስላመጡት፣ የዛሬውን አምድ ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል። እኔ ራሴ ወደ ወግ አጥባቂው ወገን የማዘነብል መሆኔን አንባቢ ከመነሻው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ይኖራል። እናታችን ታማ በተኛችበት ጊዜ የሕክምናዋን ወጪ የቻለው እርሱ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ሲታመምም እጁ አይታጠፍም። ይኸው ሰው በፕሬዚዳንት ኦባማ ዘመን የወጣው የጤና መድን ሕግ ሲነሣ ግን ይቆጣል፤ ድምፁንም የሚሰጠው ሕጉን ለሚቃወሙት ነው። ለታመመ እንዲህ የሚራራ ሰው፣ ድሀው መድን እንዲያገኝ የወጣን ሕግ እንዴት ሊቃወም ይችላል? (መምህርት፣ ከባሕር ዳር ሽምብጥ)

መልስ፦ ወንድምዎ በቸርነቱና በአቋሙ መካከል ተቃርኖ የማይታየው፣ ክርክሩ ድሀ ይታከም ወይስ አይታከም የሚል ስላልሆነ ነው። ለሕክምና የሚወጣው ገንዘብ በማን እጅ ያልፋል፣ የሚገዛውንስ ነገር የሚመርጠው ማን ነው የሚለው ነው ሁለቱን ወገኖች የለያያቸው።

ሕጉ እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2010 በፕሬዚዳንቱ ተፈረመ (ስለ አሜሪካ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእ.ኤ.አ. ናቸው)። የመድን ድርጅቶች ቀድሞ በሽታ ያለበትን ሰው እንዳይመልሱና በሕመሙ ምክንያት ዋጋ እንዳይጨምሩበት ከለከለ፤ ልጆች እስከ 26 ዓመታቸው በወላጆቻቸው መድን ሥር እንዲቆዩ ፈቀደ፤ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች ከመንግሥት ድጎማ መደበ፤ ለድሆች የተቋቋመውን ሜዲኬይድ የተባለውን ፕሮግራም አሰፋ፤ መድን ያልገዛ ሰውም ቅጣት እንዲከፍል ደነገገ። መድን የሌላቸው አሜሪካውያን ቁጥር ከዚያ በኋላ በብዙ መቀነሱ እውነት ነው፤ ይህን የሚክድ ወግ አጥባቂ ካለ ተሳስቷል።

የወንድምዎ ወገን የመጀመሪያ ቅሬታ ሕጉ የጸደቀበት መንገድ ነው። በ1965 ለአረጋውያን የተደነገገው ሜዲኬር የሁለቱንም ፓርቲዎች ድምፅ አግኝቶ ነበር። የ2010ሩ ሕግ ግን በተወካዮች ምክር ቤት በ219 ድጋፍና በ212 ተቃውሞ ሲያልፍ ከወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ ከሪፐብሊካን አንድም አባል አልደገፈውም። በእያንዳንዱ ቤት ገብቶ የቤተሰብን ወጪ የሚነካ ሕግ፣ የሀገሪቱ ግማሽ በቅንነት ሳይቀበለው ከጸና ሲያከራክር ይኖራል፤ የሆነውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ግዴታው ነው። መንግሥት ለመንገድ ወይም ለመከላከያ ግብር መሰብሰቡ የታወቀ ነገር ሲሆን፣ ዜጋ በሕይወት በመኖሩ ብቻ ከግል ድርጅት አንድ የተወሰነ ሸቀጥ ግዛ መባሉ ግን ለወግ አጥባቂዎች ከዚህ ቀደም ያልታየ ሥልጣን ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጁን 2012 በ5 ለ4 ድምፅ ሲወሰን፣ ግዴታው ሕገ መንግሥታዊ ነው የተባለው ቅጣቱ እንደ ግብር ተቆጥሮ ነው። ቅጣቱ በ2016 ለአንድ አዋቂ 695 ዶላር ወይም ከገቢው 2.5 በመቶ፣ ከሁለቱ የበለጠው ሆነ። በ2017 መጨረሻ የወጣው የግብር ሕግ ከ2019 ጀምሮ ወደ ዜሮ አወረደው። በዚህ ነጥብ ላይ ለሌላው ወገንም እውነቱን መናገር ይገባኛል፤ ሁሉም መድን ይግዛ የሚለው ሐሳብ በ1989 ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን በተባለው ወግ አጥባቂ የጥናት ተቋም ቀርቦ ነበር፤ በ2006 በማሳቹሴትስ በሥራ ላይ ያዋሉትም ሪፐብሊካኑ ገዥ ሚት ሮምኒ ናቸው። ስለዚህ ወግ አጥባቂዎች በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ በአንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን በአንድ ክፍለ ሀገር ነዋሪዎች በተመረጡ እንደራሴዎቻቸው የሞከሩት ነገር፣ በመላው ሀገር ላይ ከማዕከል ሲጫን ያው ነገር ነው ብዬ አልቀበልም።

ሦስተኛው፣ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚከብደው፣ የዋጋ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ከጠቅላላ ምርቷ 17 በመቶ ያህሉን ለጤና ታወጣለች፤ ከበለጸጉት ሀገሮች በዚህ የሚደርስባት የለም። ይህ የሆነው በአንድ ሕግ ምክንያት አይደለም፤ ሥሩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይጀምራል። በ1942 መንግሥት ደመወዝ እንዳይጨመር ሲያግድ፣ ሠራተኛ ያጡ አሠሪዎች በጭማሪው ፈንታ የጤና መድን ይሰጡ ጀመር፤ በ1954 ደግሞ ይህ ጥቅም ከግብር ነፃ መሆኑ በሕግ ተደነገገ። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ሠራተኛ መድኑን የሚያገኘው በአሠሪው በኩል ነው። ሐኪሙ የመድን ድርጅቱን ያስከፍላል፣ ድርጅቱ ከአሠሪው ይቀበላል፣ አሠሪው ከሠራተኛው ደመወዝ ያስቀራል፤ ታካሚው ግን የምርመራውን ዋጋ ሳያውቀው ይወጣል። ዋጋ የማይጠይቅ ገዢ ባለበት ገበያ ዋጋ አይወርድም። ሪፐብሊካኑ ሴናተር ጆን ማኬይን በ2008 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ይህን የግብር ነፃነት አስቀርተው ለአንድ ሰው 2,500፣ ለቤተሰብ 5,000 ዶላር የግብር ተመላሽ በመስጠት ሰው መድኑን ራሱ እንዲገዛ ሐሳብ ያቀረቡት ለዚህ ነበር። በ2003 የተፈቀደው የጤና ቁጠባ ሒሳብና ሆስፒታሎች ዋጋቸውን በይፋ እንዲያወጡ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ የሚያስገድደው ደንብም ከዚሁ ሐሳብ የመነጩ ናቸው።

ይህ ሐሳብ በግምት ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። በ1970ዎቹ ራንድ የተባለው ተቋም ቤተሰቦችን በዕጣ ከፋፍሎ፣ አንዳንዶቹ ሙሉ በሙሉ በነፃ፣ ሌሎቹ ከወጪው የተወሰነውን እየከፈሉ እንዲታከሙ አድርጎ ነበር። ድርሻቸውን የከፈሉት በሕክምና የተጠቀሙት በግልጽ ባነሰ መጠን ሲሆን፣ በአማካይ ሲታይ ጤንነታቸው ከሌሎቹ አልከፋም። ድሆች ሆነው ቀድሞ የታመሙት ግን፣ ለምሳሌ የደም ግፊት ያለባቸው፣ በነፃ ሲታከሙ የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። እኔ ከዚህ ጥናት ሁለቱንም ግኝት እወስዳለሁ፦ አቅም ያለው ዋጋውን ይወቅ፣ ድርሻውንም ይክፈል፤ ድሀውና ሕመምተኛው ግን በዚህ ሚዛን አይለኩ።

የቀሩትን በአጭሩ ልጥቀስ። ሕጉ ለአረጋዊ የሚጠየቀው ዓረቦን (ለመድኑ የሚከፈለው ክፍያ) ለወጣት ከሚጠየቀው ከሦስት እጥፍ እንዳይበልጥ ስለ ወሰነ፣ ገና ኑሮ የሚጀምረው ወጣት የአባቱን ዕድሜ ሰዎች ወጪ በከፊል እንዲሸከም ሆነ። በሜዲኬይድ ማስፋፊያ ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ለጤነኛ ጎልማሳ ከወጪው 90 በመቶውን ሲሸፍን፣ ለአካል ጉዳተኛና ለድሀ ሕፃን ግን በብዙ ክፍለ ሀገሮች ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ድርሻ ነው የሚከፍለው፤ ይህን ቅደም ተከተል ፍትሐዊ ብሎ የሚሟገት ሰው እስካሁን አላሳመነኝም። የሕሊና ጉዳይም አለ። በሕጉ መሠረት የወጣ ደንብ አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው የወሊድ መከላከያ በመድን እንዲሸፍኑ ስላዘዘ፣ አረጋውያን ድሆችን የሚጦሩ የካቶሊክ ደናግል ማኅበር ለዓመታት በፍርድ ቤት ተከራክረው፣ በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ7 ለ2 ድምፅ ከግዴታው ነፃ የሚያወጣቸውን ደንብ አጽንቶላቸዋል። በጣና ገዳማት አጠገብ የምንኖር ሰዎች፣ መነኮሳትን ከሥርዓታቸው ውጭ የሚያስገድድ ደንብ ምን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ጥያቄ፦ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ የስኳር በሽተኛ ናት፤ ኢንሱሊን ካልወሰደች አትኖርም። ባለፈው እትም የጻፉትን አንብቤ አዘንኩ። ከዚያ ሕግ በፊት እንዲህ ያለች ልጅ በአሜሪካ መድን አታገኝም ነበር ይባላል። እርስዎ የሚደግፉት ወገን ለእርሷ ምን መልስ አለው? (አባት፣ ከሐሙሲት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ልጅዎን ይጠብቅልዎ። የሰሙት በአብዛኛው እውነት ነው። በአሠሪ በኩል መድን ያለው ቤተሰብ ለሕመምተኛ ልጁ መድን አያጣም ነበር፤ መድኑን ራሱ ከገበያ የሚገዛ ቤተሰብ ግን በብዙ ክፍለ ሀገሮች እንዲህ ያለች ልጅ ስላለችው ሊመለስ ይችል ነበር። 35 ክፍለ ሀገሮች ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የተለየ ቋት፣ ማለትም ሕክምናቸው የሚከፈልበት የጋራ ገንዘብ፣ አቋቁመው ነበር፤ የተመደበላቸው ገንዘብ ግን ስለማይበቃ አንዳንዶቹ ሰውን በተራ ያስጠብቁ፣ ሌሎቹ ከፍተኛ ዓረቦን ይጠይቁ ነበር።

የወግ አጥባቂዎቹ ትክክለኛ መልስ ይህ ነው፦ ቀድሞ የታመመ ሰው የሚያስፈልገው መድን ሳይሆን እርዳታ ነው። መድን ገና ላልደረሰ አደጋ የሚገባ ውል ነው፤ የልጅዎ ሕመም ግን የደረሰና የሚታወቅ ነው። ስለዚህ ወጪዋን በሌሎች ሰዎች ዓረቦን ውስጥ ሸሽጎ መድኑን ለሁሉም ከማስወደድ ይልቅ፣ ሀገር በግልጽ፣ በጀት መድቦ፣ ከሁሉም ግብር ከፋይ በሚሰበሰብ ገንዘብ ይሸፍነው፤ ምን ያህል እንደሚያስወጣም ምክር ቤቱ በየዓመቱ አይቶ ይወስን። ይህን መልስ አምንበታለሁ። ሸክሙ ለሁሉም የሚታይ ይሆናል፤ የሚሸከመውም እንደየአቅሙ ነው።

ነገር ግን መልሱን መናገርና ገንዘቡን መመደብ የተለያዩ ናቸው፤ ወግ አጥባቂዎቹ የወደቁትም በዚህ ነው። በ1986 በሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ሬገን ፊርማ የጸደቀ ሕግ፣ በድንገተኛ አደጋ የመጣን ሰው ሆስፒታሎች መክፈል አትችልም ብለው እንዳይመልሱ ሲያስገድድ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ግን አልተናገረም ነበር። ሕግ አውጪው ግዴታውን ተቀብሎ ሒሳቡን ለሌላ ትቷል ማለት ነው። በ2017 ሪፐብሊካኖች ፕሬዚዳንቱን፣ ሁለቱንም ምክር ቤቶች ይዘው ሳለ የኦባማን ሕግ ለመሻር ያደረጉት ሙከራም ጁላይ 28 ለሊት በሴኔት በ49 ድጋፍና በ51 ተቃውሞ ወደቀ፤ በኋላ በካንሰር ያረፉት ጆን ማኬይን ከሌሎች ሁለት ሪፐብሊካን ሴናተሮች ጋር ተቃውመው ድምፅ ሰጥተዋል። ሰባት ዓመት ሙሉ ሕጉን እንሽራለን ሲል የኖረ ወገን፣ ዕለቱ ሲደርስ የእርስዎን ልጅ ለመሰለች ሕፃን የሚበቃ፣ ገንዘቡ የተቆጠረ ዕቅድ በእጁ አልነበረውም። ይህን የምለው በጠላትነት አይደለም፤ ሐሳቡን የምወደው እኔ ስለሆንኩ ነው ያዘንኩት።

ለልጅዎ የሚሆን አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። በእኛ ሀገር ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባልነት በቤተሰብ ነው እንጂ በግለሰብ አይደለም፤ ስለዚህ ቤተሰብዎ ከገባ ልጅዎም ትገባለች፣ ቀድሞ ታማ ነበር ተብላም አትከለከልም። አባል ካልሆኑ ከመኸር በኋላ መዋጮ ሲሰበሰብ ይመዝገቡ፤ ሕክምናው የሚጀምረው ውል ከገባው ጤና ጣቢያ ስለሆነ፣ ወደ ሆስፒታል ለመሄድ የሪፈር ወረቀቱን መያዝ አይርሱ።

ጥያቄ፦ በፎገራ አካባቢ በጤና ባለሙያነት አገለግላለሁ። አባላት መዋጮ ከፍለው ሲመጡ መድኃኒት የለም ተብለው ከግል መድኃኒት ቤት እንዲገዙ ይላካሉ፤ በዓመቱም ማደስ አይፈልጉም። ይህን ለማስተካከል አንዳንድ ቦታ መድን ያላደሰ ሰው ሌላ የቀበሌ አገልግሎት እንዳያገኝ ይደረጋል። የወረዳውን ቋት ከሌሎች ጋር እናዋሕደው የሚል ሐሳብም አለ። እርስዎ በአሜሪካ ጉዳይ የያዙት አቋም እዚህ ምን ይላል? (ከወረታ)

መልስ፦ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁሉ ይህኛው ነው ብዙ ያሳሰበኝ። ፎገራ የዚህ ሥርዓት እኩያ ነው ማለት ይቻላል፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሀገሪቱ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ በአማራ ክልል ከተመረጡት መካከል ፎገራና ደቡብ አቸፈር ይገኙበት ነበር። አነሳሱም አንድ ወግ አጥባቂ ከልቡ የሚያመሰግነው ዓይነት ነበር፦ የቀበሌው ነዋሪ በጉባኤ ተሰብስቦ በድምፅ ይወስናል፣ ከዚያም እያንዳንዱ ቤተሰብ በፈቃዱ ይገባል፣ ቋቱ በወረዳው ይያዛል፣ መክፈል የማይችለውን ቤተሰብ ነዋሪው ራሱ ይለያል፣ መንግሥት ደግሞ የእነዚያን መዋጮ ይሸፍናል።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ግን ከፋዩ የከፈለበትን ነገር ሲያገኝ ነው። ሰው ለእድር የሚከፍለው፣ ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑም ወንበሩም ያለ ጥርጥር እንደሚመጣለት አይቶ ስለሚያውቅ ነው፤ ድንኳኑ ሁለት ጊዜ ሳይመጣ ቢቀር ዳኛው የቱንም ያህል ቢለምን ማንም አይከፍልም። ሩዝ ሸጦ መዋጮውን የከፈለ ገበሬ፣ ልጁን በወባ ትኩሳት ይዞ መጥቶ መድኃኒቱን ከኪሱ ከገዛ፣ ያንኑ ሕክምና ሁለት ጊዜ ከፍሎበታል። በሚቀጥለው ዓመት የማያድሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ሒሳቡን አውቆ ነው። መጀመሪያ የሚወጣውም ጤነኛው ነው፤ ሕመምተኛው ይቀራል፤ ቋቱም መዋጮው እያነሰ ወጪው እየበዛ ይሄዳል። የአሜሪካ መድን ድርጅቶች የሚፈሩት ይህንኑ ነበር፤ የ2010ሩ ሕግም በቅጣት ሊከላከለው ሞክሮ ነበር።

ስለዚህ ለሁለተኛው ነጥብዎ የምሰጠው መልስ ግልጽ ነው። መድን ያላደሰን ሰው ሌላ የሚገባውን አገልግሎት መከልከል ጥፋት ነው። የአባላቱን ቁጥር በመዝገብ ላይ ከፍ ያደርገዋል፤ መድኃኒቱን ግን መደርደሪያው ላይ አያመጣውም። ከዚህም በላይ፣ ሰውን ያለ ፈቃዱ ማስገባት፣ አለማደሱ ይሰጥ የነበረውን ምስክርነት ያጠፋዋል። አባላት ማደስ ሲተዉ ይህ ለአመራሩ የመጣ ወሬ ነው፤ ወሬውን የሚያፍን ሳይሆን የሚሰማ አመራር ነው የሚያስፈልገው።

በክልላችን የጤና ተቋማት የሚሰበስቡትን ገቢ ወደ ግምጃ ቤት ሳያስገቡ ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት የተፈቀደው ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ በእኔ አስተያየት በጤናው ዘርፍ ከተደረጉት ማሻሻያዎች ሁሉ ይህ ከብዙዎቹ ይበልጣል። ጤና ጣቢያው ገንዘቡን ቦርዱ አይቶት መድኃኒት ይገዛበታል። መድኑ ለተቋሙ የሚገባውን ክፍያ ሲያዘገይ ግን ይህ ነፃነት ባዶ ይሆናል። እርስዎ በሚሠሩበት ተቋም መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ላለፈው ሩብ ዓመት ለአባላት የተሰጠው አገልግሎት ተከፍሏል ወይ፣ ከተከፈለስ ከገንዘቡ ምን ያህሉ መድኃኒት ተገዛበት የሚለው ነው። መልሱ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ፣ ነዋሪውም በቀበሌ ጉባኤ ቢጠይቅበት፣ ከማንኛውም የቅስቀሳ ዘመቻ የበለጠ አባል ያመጣል ብዬ አምናለሁ።

ቋቱን ስለ ማዋሐድ ግን ከእኔ ወገን የሚጠበቀውን ያህል አልቃወምም። አንድ ወረዳ በአንድ ክረምት ወረርሽኝ ወይም በጥቂት ከባድ ቀዶ ሕክምናዎች ቋቱ ሊራቆት ይችላል፤ ሰፊ ቋት ይህን ይችላል። የምፈራው የሚጠፋውን ጥንቃቄ ነው። ገንዘቡ የፎገራ መሆኑ ሲቀር፣ የፎገራ ጉባኤ ያለ አግባብ የታዘዘ መድኃኒት ወይም ያልታከመ ሰው ስም በሒሳብ ውስጥ መግባቱን ለመከታተል የሚያነሣሣው ነገር ይቀንሳል። ስለዚህ ተራው ሕክምና በወረዳው ቋት ይቆይ፤ ከተወሰነ መጠን በላይ የሚሄደው ከባድ ወጪ ብቻ ወደ ሰፊው ቋት ይተላለፍ። ልጃቸው የስኳር በሽተኛ ለሆነችው አባት በሰጠሁት መልስ ውስጥ ያለው ሐሳብም ይኸው ነው፤ ቤተሰብና ወረዳ የሚችሉትን ይቻሉ፣ የማይችሉትን ደግሞ ሰፊው ሀገር በግልጽ ይሸከም።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከደመወዛችን ለጤና መድን 3 በመቶ ይቆረጣል ሲባል ዓመታት አለፉ። ይቆረጥ ይላሉ ወይስ አይቆረጥ? (ከባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ የማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ተደንግጎ፣ ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን በተደጋጋሚ ተራዝሟል። እኔ መቆረጡን በመርሕ አልቃወምም፤ ደመወዝተኛ ለራሱ ሕክምና ማዋጣቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን የአሠሪው ድርሻ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ስጦታ ተደርጎ እንዳይነገርዎ ይጠንቀቁ፤ አሠሪ ለሠራተኛ የሚያወጣው ወጪ ሁሉ፣ ዞሮ ዞሮ ደመወዝ ሊሆን ይችል የነበረ ገንዘብ ነው። ቀደም ብዬ የጻፍኩት የአሜሪካ ችግር የጀመረውም ይህ ሒሳብ ከሠራተኛው ዓይን ሲሰወር ነው።

ስለዚህ በመሥሪያ ቤትዎ ስብሰባ ሲጠራ፣ ከመቁረጡ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፦ በባሕር ዳር ውል የሚገቡት የትኞቹ ሆስፒታሎችና መድኃኒት ቤቶች እንደሆኑና የግሎቹም ይካተቱ እንደሆነ፤ መድኃኒት ከተቋሙ ሲጠፋ ከውጭ የገዛችሁበት ደረሰኝ በስንት ቀን እንደሚከፈላችሁ፤ የመድኑ ሒሳብ በየዓመቱ ለአባላቱ ይቀርብ እንደሆነ። ለሦስቱም መልስ ካገኛችሁ እኔ ብሆን ያለ ቅሬታ እከፍላለሁ።